ዐይነ አፋር ልጆችን በኢንተርኔት ስለ መመርመር፤ ከአምደወርቅ አንጻር የቀረበ ሒስ

ለምርምር የሚያገለግል አዲስ መሣሪያ በተገኘ ቍጥር፣ መሣሪያው የሚያየውን ብቻ እንዳለ፣ የማያየውን ግን እንደሌለ አድርጎ መቍጠር በምሁራን ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ተመራማሪዎችን ከመስክ ሥራ ከከለከለ ወዲህ፣ ስለ ልጆች ጠባይ ከሚደረገው ጥናት ብዙው ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል። መጠይቁ በተንቀሳቃሽ ስልክ ይላካል፤ እናት ወይም አባት ይሞላዋል፤ መልሱም በዚያው ሰዓት ከተመራማሪው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። በእኛም ሀገር የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ መጠይቁን በቴሌግራም በትኖ ብዙ መልስ በጥቂት ቀን ለመሰብሰብ ችሏል። ለብዙ ጉዳይ ይህ መልካም ነው። የሚጠናው ነገር የልጆች ዐይነ አፋርነት የሆነ እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የሚፈለገው ልጅ በጠባዩ ከጠያቂ የሚሸሽ ነውና። ይህ ጽሑፍ ዘዴውን ከአንድ ከተወሰነ ሥፍራ፣ ይኸውም በዋግ ኽምራ በደሃና ወረዳ ከምትገኘው ከአምደወርቅ ሆኖ ለመመዘን የታሰበ ነው። የዐውሮፓና የአሜሪካ ጥናት የወጣባቸውን ዓመታት በእነርሱ አቈጣጠር፣ የሀገራችንን ነገር ግን ዓ.ም. እያልን በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

አስቀድሞ ለዘዴው የሚገባውን ምስጋና መስጠት ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ ላይ በሳይንስ መንገድ ከተሠራው ውስጥ ታላቅ ሥፍራ የያዘው የሃርቫርዱ የጄሮም ኬገን ሥራ ነው። ኬገንና ባልደረቦቹ በ1984 ባወጡት ጥናት ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ወደማያውቁት ክፍል አስገብተው፣ ከማያውቁት ሰውና ከማያውቁት ዕቃ ጋር አገናኝተው፣ ማን ወደ እናቱ እንደሚሸሽ፣ ማን ዝም እንደሚል፣ ማን ደግሞ ቀርቦ እንደሚጫወት ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ በሠሩት ሥራ ከ100 ልጆች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ገና ከሕፃንነታቸው እንግዳን ነገር እጅግ የሚጠነቀቁ መሆናቸውን አስረዱ። ሥራው የተከበረ ነው። ይሁን እንጂ የምርመራው ክፍል ራሱ ለልጁ እንግዳ ስለሆነ፣ ልጁ በቤቱ ምን እንደሚመስል ከዚያ ሊታወቅ አይችልም።

የኢንተርኔቱ ዘዴ ይህንን ጕድለት ለመሙላት ችሏል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ኪምበርሊ ስኮትና ሎራ ሹልዝ በ2017 ስለ አንድ «ሉኪት» ስለ ተባለ መድረክ ጽፈዋል። እናት በቤቷ ኮምፒዩተሯን ከፍታ ልጇን በጭኗ ታስቀምጣለች፤ ልጁ የሚታየውን ሥዕል ሲመለከት ወይም ለጥያቄ ሲመልስ የኮምፒዩተሩ ካሜራ ይቀርጸዋል፤ ፊልሙም ለተመራማሪው ይላካል። እንግዳ ሰው በአጠገቡ የለም፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው አያስፈራውም። መድረኩ የተሠራው በጠቅላላው ለሕፃናት አእምሮ ጥናት እንጂ ለዐይነ አፋርነት ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን ሰው ለሚፈራ ልጅ ከዚህ የተሻለ መጠየቂያ ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ከፍ ያሉትም ልጆች ቢሆኑ ፊት ለፊት ሊናገሩት የማይደፍሩትን ሲጽፉት ይቀላቸዋል። ይህን ሁሉ አምነን እንቀበላለን።

ክርክራችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በካናዳ ሮበርት ኮፕላንና ባልደረቦቹ በ2004 ለትንንሽ ልጆች እናቶች የሚቀርብ 11 ዐረፍተ ነገር ያለው መለኪያ አወጡ። ከ11ዱ ውስጥ 7ቱ፣ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት እየፈለገ ፍርሃት የሚይዘው መሆኑን ይጠይቃሉ፤ 4ቱ ደግሞ ልጁ ብቻውን መሆንን መውደዱን ይጠይቃሉ። እናት ለያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ቍጥር ትሰጣለች። መለኪያው አጭርና ብልህ ስለሆነ፣ ለስልክም የተመቸ ስለሆነ፣ በልዩ ልዩ ሀገር ቋንቋ ተተርጕሞ ሠርቷል። አሁን ይህን የመሰለውን መጠይቅ አንድ ተማሪ ወደ አማርኛ መልሶ ለደሃና እናቶች ላከው እንበል። በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የቃል ችግር ነው፤ ይህም ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ግን ጠቅላላውን ጥናት ሊያፈርስ የሚችል ነው።

«ዐይነ አፋር» ያልን እንደሆነ ኀፍረቱ ያለው በዐይን ላይ ነው፤ የሚታየውም በእኩያ ፊት ሳይሆን በታላቅ ፊት ነው። እንግዳ በመጣ ጊዜ ምሰሶ ተደግፎ የሚቆም፣ ሲጠይቁት ወደ መሬት የሚያይ፣ እጅ አስታጥቦ ዝም ብሎ ወደ ጓዳ የሚመለስ ልጅ ዐይነ አፋር ይባላል። ያው ልጅ ከፍየል ጥበቃ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲውል ግን ድምፁ ከገደል ማዶ ይሰማል። የኮፕላን መለኪያ የሚፈልገው ከእኩዮቹ መካከል የሚፈራውን ልጅ ነው፤ አማርኛው የሚጠራው ግን ከታላላቆች ፊት የሚያፍረውን ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ዐይነት ልጅ ሲፈለግ በአማርኛ ሌላ ልጅ ተጠርቶ ይመጣል ማለት ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። የዐይነ አፋር ተቃራኒው ምንድን ነው? «ደፋር» ማለት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ደፋርም ቢሆን ለልጅ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። ከሁሉ ቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው «ዐይን አውጣ» የሚለው ነው። ስለዚህ አንዲትን እናት «ልጅሽ ዐይነ አፋር ነውን?» ብሎ የጠየቃት ሰው፣ «አይደለም» ብላ ብትመልስለት «ልጄን ስድ አድርጌ አሳድጌዋለሁ» እንዳለች ያህል ይቈጠርባታል። ጭምት፣ ጨዋ፣ አንገቱን የሚደፋ፣ ይሉኝታ ያለው የሚባሉት ሁሉ የምስጋና ቃላት ናቸው። እንግዲህ ለመጠይቁ «5» ብላ የሞላች እናት ልጇን ያመመው መስሏት ነው ወይስ ልጇን አመስግና ነው? ቍጥሩ ይህን አይናገርም። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ገበሬዎች መካከል ተቀምጦ አጥንቶ በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ የልጅ ታዛዥነትና ዝምታ በአማራ ቤት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሳይቷል። በአንዳንድ ፍርዱ የማንስማማ ብንኖርም፣ ያየው ነገር በቦታው ተገኝቶ ያየው ስለሆነ ዛሬም ይጠቅመናል።

በዋግ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሠራው በሁለት ቋንቋ ነው። አማርኛና ኽምጣኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ኽምጣኛ የአገው ቋንቋ ነው። የአማርኛው መጠይቅ ለኽምጣኛ ተናጋሪዋ እናት ሲነበብላት፣ ትርጕሙ ሁለት ጊዜ መንገድ አሳብሮ ይደርሳታል። የኽምጣኛውን ቃል ከባለቤቶቹ አፍ ሳይሰሙ መጠይቁን «ተተርጕሟል» ማለት ድፍረት ነው።

ስለ ሻደይ ጥቂት እንናገር። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ጠጕራቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ይጨፍራሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በዓል ዘመዱ ነው። ትንንሾቹም ከታላላቆቻቸው ኋላ ተሰልፈው ይወጣሉ። በሐምሌ ወር ለእንግዳ ስሟን ለመናገር አፏን በነጠላዋ ጫፍ የሸፈነች ልጅ፣ በነሐሴ መጨረሻ በአደባባይ መካከል ዘፈን ስታወጣ ትታያለች። ይህች ልጅ ዐይነ አፋር ናትን? የሐምሌው መጠይቅ «አዎን» ይላል፤ የነሐሴው «የለም» ይላል። እውነቱ ግን ልጅቱ መቼ መናገር እንደተፈቀደላት ጠንቅቃ ማወቋ ነው። በአንጻሩ በሻደይም ቀን ከቤት የምትቀር፣ እኅቶቿ ሲወጡ በበር ተሸሽጋ የምታይ ልጅ ካለች፣ ኬገንና ኮፕላን የሚፈልጓት ልጅ ምናልባት እርስዋ ትሆናለች። እርስዋን የሚያገኛት በስልክ የተላከ መጠይቅ ሳይሆን በዚያ ቀን በደጃፉ ያለፈ ሰው ነው።

ሁለተኛው ችግር መጠይቁ ከማን እጅ ይገባል የሚለው ነው። ሄንሪክ፣ ሃይንና ኖሬንዛያን የተባሉ ሦስት ምሁራን በ2010 እንዳስታወሱት፣ በታወቁ የሥነ ልቡና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች ከ100ው 96ቱ የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው ሀገሮች ነው። ኢንተርኔት ይህን ያስተካክላል ተብሎ ነበር። በኢትዮጵያ ግን በ2024 መጀመሪያ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከ100 ሰው 20 እንደማይሞላ ይገመት ነበር፤ ያውም በከተሞች የተከማቸ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ማንም ያስታውሳል። በነዚያ ወራት «በኢትዮጵያ ልጆች ላይ» በኢንተርኔት የተደረገ ጥናት ቢኖር፣ ደሃናን ያለ ደሃና ያጠና ነው።

መስመሩም በሚሠራበት ጊዜ ቢሆን፣ በገጠር ቤት ስልኩ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ነው። እናት መልሱን የምትሰጠው ሌላው እያነበበላት፣ ቤተሰቡ ሁሉ እየሰማ፣ ልጁም ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነው። ስለ ልጁ ፍርሃት በልጁ ፊት ጮክ ብሎ መመለስ፣ ለዐይነ አፋር ልጅ ከዚህ የከፋ ምርመራ ሊኖር አይችልም። በሉኪት ጊዜ የተመሰገነው የቤት ገለልተኝነት እዚህ ሲደርስ ተገልብጦ ይገኛል።

በዚህ ላይ «ወረርሽኙ በነበረ ጊዜ በኢትዮጵያ በስልክ ጥናት ተደርጎ ተሳክቶ የለምን?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ተሳክቷል፤ ስለዚሁም መናገር ያስፈልጋል። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን፣ ይኸውም በ2001ና በ2002 የተወለዱትን 2,000ና በ1994ና በ1995 የተወለዱትን 1,000 መርጦ፣ ከ2002 ጀምሮ ሲከታተላቸው ኖሯል። በ2020ና በ2021 ተጠኚዎቹን በስልክ ጠየቃቸው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ስልኩን ያነሡት ልጆች ሳይሆኑ ወጣቶች ነበሩ፤ ከዚህም በላይ የሚደውልላቸው ጥናት ለ18 ዓመት ያህል በየጊዜው በቤታቸው እየተገኘ ያያቸው ነው። የስልኩ ሥራ የቆመው በእግር በተሠራው ሥራ ላይ ነበር። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የዚያ ክልል ጥሪ ተቋረጠ። እንግዲህ ይህ ምሳሌ በቴሌግራም የተበተነውን መጠይቅ የሚደግፍ አይመስለንም፤ ይልቁንም ይቃወመዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንመጣለን። የዋግ ልጅ ዝም የሚልበት ምክንያት ጨዋነት ወይም ተፈጥሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ለምሁራን ክርክር ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ዝምታ ከሌላም ይመጣል። በቤቱ ኽምጣኛ እየተናገረ አድጎ በአማርኛ የሚጠየቅ ልጅ ዝም ይላል፤ መምህሩም «ዐይነ አፋር ነው» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ደርሶ ብዙ ቤተሰብ ሲያፈናቅል ያየ ልጅ ዝም ይላል፤ ይህም ዝምታ ከጨዋነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የተራበም ልጅ ዝም ይላል።

ስለ መጨረሻው በተለይ እናንሣ። ቤትሲ ሎዞፍና ባልደረቦቿ በ1998 ባወጡት በኮስታ ሪካ በተደረገ ጥናት፣ በብረት ማዕድን እጥረት ደማቸው ያነሰ ሕፃናት ከእናታቸው የማይርቁ፣ ደስታን እምብዛም የማያሳዩ፣ እንግዳን የሚጠነቀቁና የሚያመነቱ፣ ቶሎም የሚደክሙ ሆነው አገኟቸው። ይህን ዝርዝር ከዐይነ አፋርነት መጠይቅ ጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ለመለየት ይቸገራል። በኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የተገባው የመንግሥት ቃል ኪዳን ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከዋግ ዋና ከተማ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል፤ የመጀመሪያው ሥራም የተጀመረው በአማራና በትግራይ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ነው። የምግብ እጥረት ስሙን በሰጠበት ሀገር ላይ «ልጅዎ ከሰው ጋር መቀላቀል ያመነታልን?» ብሎ ጠይቆ፣ የልጁን ክንድ ሳይለኩ መልሱን የጠባይ ነገር ነው ብሎ መዝግቦ መሄድ አደገኛ ነው። መዝገቡ ልጁ ዐይነ አፋር ነው ካለ፣ ምክሩ «አደፋፍሩት» ይሆናል፤ ልጁ የሚያሻው ግን ምግብ ነበር።

የአምደወርቅ እናት ይህን ልዩነት ታውቀዋለች፤ ቃልም አላት። ጤነኛውን ዝምተኛ «ጭምት ነው» ትለዋለች፤ ያመመውን ወይም የጐደለበትን ግን «ፈዘዘብኝ» ብላ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትነግራለች። በ«ጭምት ነው»ና በ«ፈዘዘብኝ» መካከል ያለው ርቀት ከ1 እስከ 5 ባለው ቍጥር ውስጥ ሥፍራ አላገኘም። ከውጭ የተቀዳው መለኪያ ያላሰበውን ልዩነት የሀገሩ ቋንቋ አስቀድሞ አስቦታል፤ ተመራማሪው ግን ቃሉን ሊሰማ የሚችለው እናቲቱ በራሷ አነጋገር ስትናገር እንጂ ከተደረደሩ መልሶች አንዱን ስትመርጥ አይደለም።

ይህን ስንል «የዋግ ልጅ ዝምታ ሁልጊዜ መልካም ነው፤ የውጭ ሳይንስ አይንካው» ማለታችን እንዳይመስል፣ የሻንጋይን ነገር መጥቀስ ይገባል። ሺንዪን ቼንና ባልደረቦቹ በ1990፣ በ1998ና በ2002 በሦስት የተለያየ ጊዜ የሻንጋይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አጥንተው ውጤቱን በ2005 አሳተሙ። በ1990 ዐይነ አፋሩ ልጅ በጓደኞቹ የተወደደ፣ በትምህርቱም የበረታ ሆኖ ተገኘ፤ በ1998 ነገሩ የተደበላለቀ ሆነ፤ በ2002 ግን ዐይነ አፋሩ በጓደኞቹ የተጠላ፣ በትምህርት ቤት ችግር የበዛበት፣ ያዘነም ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ አልተለወጡም፤ ከተማዋ ተለወጠች። በእኛም ሀገር የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪው በክፍል እንዲናገር፣ በቡድን እንዲወያይ አዝዟል። አንገቱን እንዲደፋ በቤት የተማረ ልጅ፣ በትምህርት ቤት እጁን ባለማንሣቱ ነጥብ ይቀነስበታል። በአምደወርቅ ይህ ለውጥ ምን ያህል እንደ ሄደ ለማወቅ እንደ ቼን ተመልሶ ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ተልኮ የሚረሳ የኢንተርኔት መጠይቅ ይህን አያሳይም፤ ፎቶግራፍ ወንዝ መፍሰሱን እንደማያሳይ ሁሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩላችን ኢንተርኔቱን ከሥራው መጨረሻ እንጂ ከመጀመሪያው ማስገባት አይገባም እንላለን። አስቀድሞ ቃላቱ ይሰብሰቡ፤ እናቶችና አያቶች በአማርኛም በኽምጣኛም ዝም ስለሚል ልጅ ሲናገሩ በድምፅ ይቀረጹ። መጠይቁ «ዐይነ አፋር» የሚለውን ስም ትቶ ሁኔታን ይጠይቅ፤ እንግዳ ሲመጣ፣ ከፍየል ጥበቃ ላይ፣ በክፍል ውስጥ መምህሩ ሲጠራው፣ በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲባል፣ በሻደይ ቀን። በአራቱም በአምስቱም ሥፍራ ዝም የሚለው ልጅ በአንዱ ብቻ ዝም ከሚለው ይለይ። ከጥያቄው በፊት የክንዱ ልኬት ከጤና ኬላው መዝገብ ይታይ። ስልኩ ጠቃሚ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው፤ የተዋወቀ ሰው ደውሎ «ከዚያ ወዲህ ልጁ እንዴት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ እናቲቱም ደዋዩን በድምፁ ታውቀዋለች።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ለሚመስለው ሰው አንድ ነገር እናስታውሰዋለን። በ1953 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥነ ሰብእ ማኅበር የተማሪዎችን ጽሑፍ ማሳተም ሲጀምር፣ ጸሐፊዎቹ የየሀገራቸውን ልማድ የሚያውቁ ተማሪዎች ነበሩ፤ የምርምር መሣሪያቸውም ብዕርና የአያቶቻቸው ወሬ ነበር። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የሚማር የዋግ ተማሪ አለ። ሃያ ልጆችን በአንድ ቀበሌ ለመከታተል አንድ ደብተርና አንድ ክረምት ይበቃዋል፤ ክረምቱም የሚያልቀው በሻደይ ነው።